የዓይን መርማሪዎ ፈቃድ አለው? በአሜሪካ የኦፕቶሜትሪ የሥራ ፈቃድ የሚገኝበት መንገድ

 

ዓይን አላህ ለሰው ልጅ ከሰጣቸው ታላላቅ ፀጋዎች አንዱ ነው። የዚህን ፀጋ ዋጋ ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን ፊደል ሲደበዝዝብን ወይም ሌሊት መኪና መንዳት ሲያስቸግረን ነው። ያን ጊዜ ወደ አንድ መነጽር ቤት ጎራ እንላለን። ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ከማሽን ፊት ያስቀምጠናል፤ «ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?» እያለ ይጠይቀናል፤ በመጨረሻም ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይሰጠናል። ይህ ሰው ማነው? ምን ተምሯል? ዓይናችንን እንዲመረምር የፈቀደለትስ ማነው? እነዚህን ጥያቄዎች ከመካከላችን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ በዩናይትድ ስቴትስ አንድ የኦፕቶሜትሪ ባለሙያ ከስቴት የሥራ ፈቃድ ለማግኘት ምን ምን ማሟላት እንዳለበት እንመለከታለን። ርዕሱን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በሌሎችም ስቴቶች የሚኖሩ ወገኖቻችን እናትና አባታቸውን ወደ ዓይን ምርመራ ሲወስዱ ማን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማቸዋል። ሁለተኛ፣ በአገር ቤት በዚህ ሙያ ተመርቀው ወደ አሜሪካ የመጡ ወይም ልጆቻቸው ሙያውን መማር የሚፈልጉ ቤተሰቦች አሉ። መንገዱን ሳያውቁ የሚያልፉት ዓመትና የሚያወጡት ገንዘብ ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሦስቱን ባለሙያዎች እንለይ

በእኛ ቋንቋ ሁሉንም «የዓይን ሐኪም» ብለን መጥራት ለምዶብናል። በአሜሪካ ግን ሦስት የተለያዩ ሙያዎች አሉ።

የመጀመሪያው ኦፍታልሞሎጂስት ነው። ይህ ባለሙያ የሕክምና ትምህርት ቤት ጨርሶ የሐኪምነት ዲግሪ ከያዘ በኋላ በዓይን ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው። የዓይን ሞራ የሚያወጣው፣ ከባድ የሆኑ የዓይን ቀዶ ሕክምናዎችን የሚሠራው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ኦፕቶሜትሪስት ሲሆን የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በእርሱ ላይ ነው። ኦፕቶሜትሪስት የሕክምና ትምህርት ቤት ሳይሆን የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤት የጨረሰ፣ «ዶክተር ኦፍ ኦፕቶሜትሪ» የሚል ዲግሪ ያለው ነው። የመነጽርና የኮንታክት ሌንስ ልኬት ያወጣል፤ የዓይን ግፊት ይለካል፤ የዓይንን የውስጥ ክፍል መርምሮ ግላኮማን፣ የስኳር በሽታ ያመጣውን ጉዳትና ሌሎችንም ሕመሞች ይለያል፤ መድኃኒት ያዛል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ኦፍታልሞሎጂስት ይልካል።

ሦስተኛው ኦፕቲሺያን ይባላል። እርሱ የታዘዘውን ልኬት ተመልክቶ መነጽሩን የሚያዘጋጅ፣ ፍሬሙን ከፊታችን ጋር የሚያስማማ ባለሙያ ነው። ዓይን መርምሮ በሽታ የመለየት ሥልጣን የለውም። አንዳንድ ስቴቶች ለኦፕቲሺያንም ፈቃድ ይጠይቃሉ። ቨርጂኒያ ከእነዚህ አንዷ ስትሆን ጎረቤቷ ሜሪላንድ ግን አትጠይቅም።

ሦስቱም አስፈላጊ ናቸው። ችግር የሚመጣው አንዱን በሌላው ቦታ ስናስቀምጠው ነው። የስኳር ሕመምተኛ የሆነች እናት መነጽር ቤት ሄዳ አዲስ መነጽር ስለገዛች ብቻ «ዓይኔን ታይቻለሁ» ብላ ልታስብ ትችላለች። ከተጠቃሚዋ ጋር የተነጋገረው ኦፕቲሺያኑ ብቻ ከሆነ ግን የዓይኗን የውስጥ ክፍል ያየላት ሰው የለም።

ፈቃድ የመስጠት ታሪክ

በአሜሪካ የሕክምና ባለሙያዎችን ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ስቴት ነው። ኦፕቶሜትሪን በሕግ በመቆጣጠር የመጀመሪያዋ ስቴት ሚኒሶታ ስትሆን ሕጉ የወጣው በ1901 ነው። ሌሎቹም ተራ በተራ ተከትለው እስከ 1924 ድረስ ሁሉም ስቴቶችና ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ የየራሳቸው የኦፕቶሜትሪ ሕግ ኖራቸው። ከዚያ በፊት መነጽር በየመንገዱና በየቤቱ ዞሮ የሚሸጥ ነጋዴ እንኳ ራሱን የዓይን ባለሙያ ብሎ መጥራት ይችል ነበር።

መጀመሪያ ላይ ኦፕቶሜትሪስቶች መነጽር ከመለካት አልፈው መድኃኒት እንዲነኩ አይፈቀድላቸውም ነበር። በ1971 ሮድ አይላንድ ለምርመራ የሚያገለግሉ የዓይን ጠብታዎችን እንዲጠቀሙ ፈቀደች። በ1976 ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ በመድኃኒት እንዲያክሙ ፈቀደች። ሌሎቹም ስቴቶች ቀስ በቀስ ተከተሉ። ግላኮማን በመድኃኒት ማከምን ለኦፕቶሜትሪስቶች በመፍቀድ የመጨረሻዋ ማሳቹሴትስ ነበረች፤ ሕጉም የጸደቀው በ2021 መጀመሪያ ላይ ነው። ሥልጣኑ እየሰፋ በሄደ ቁጥር የሚጠየቀው ትምህርትና ፈተናም እየከበደ መጣ።

ከሁለተኛ ደረጃ እስከ ፈቃድ፦ ስድስት ደረጃዎች

አንድ በአሜሪካ የሚማር ወጣት ይህን ሙያ ቢመርጥ የሚያልፍባቸው ዋና ዋና ደረጃዎች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. የመጀመሪያ ዲግሪ። አብዛኞቹ የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤቶች ተማሪው የአራት ዓመት ዲግሪ እንዲይዝ ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ ሦስት ዓመት በኮሌጅ የተማረን ተማሪ የሚቀበሉበት አሠራር አላቸው። ዲግሪው በየትኛውም የትምህርት ዘርፍ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ባዮሎጂ፣ ጄኔራልና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብና ስታቲስቲክስ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂና እንግሊዝኛ የመሳሰሉትን ኮርሶች በጥሩ ውጤት ማለፍ ያስፈልጋል። ከእነዚህ ብዙዎቹን በአነስተኛ ወጪ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ መጀመር ይቻላል፤ ትምህርት ቤቱ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ኮርስ ይቀበል እንደሆን ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

2ኛ. የመግቢያ ፈተና። «ኦ.ኤ.ቲ.» በሚል ምህጻረ ቃል የሚጠራው የኦፕቶሜትሪ መግቢያ ፈተና የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ፊዚክስ፣ አንብቦ መረዳትና ሒሳብ ይፈትናል። ውጤቱ ከ200 እስከ 400 ባለው መለኪያ ይሰጣል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በምትኩ ሌላ የመግቢያ ፈተና ይቀበላሉ። ከፈተናው በተጨማሪ ትምህርት ቤቶቹ ተማሪው ከአንድ ኦፕቶሜትሪስት ጋር እየዋለ ሥራውን ማየቱን ይመለከታሉ። ስለዚህ ወጣቱ ገና ኮሌጅ ሳለ በሠፈሩ ካለ ኦፕቶሜትሪስት ዘንድ ሄዶ ለመታዘብ ፈቃድ ቢጠይቅ ሁለት ጥቅም ያገኛል፤ ሙያው እንደሚስማማው ያውቃል፣ ማመልከቻውም ይጠናከራል።

3ኛ. የአራት ዓመት የኦፕቶሜትሪ ትምህርት። ትምህርት ቤቱ የኦፕቶሜትሪ ትምህርት እውቅና ሰጪ ምክር ቤት ያጸደቀው መሆን አለበት። ይህ ነጥብ ወሳኝ ነው፤ እውቅና ከሌለው ትምህርት ቤት የተገኘ ዲግሪ በአጠቃላይ ለፈቃድ አያበቃም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በአብዛኛው የክፍልና የላቦራቶሪ ትምህርት ናቸው። ስለ ዓይን አካል፣ ስለ ብርሃንና ሌንስ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ በሽታ ይማራሉ። የመጨረሻው ዓመት ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ በክሊኒክና በሆስፒታል በሽተኛ በማየት ያልፋል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ሚኒሶታ በክልላቸው የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤት የላቸውም። ስለዚህ የእነዚህ ስቴቶች ልጆች ወደ ፔንሲልቬንያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኦሃዮ፣ ኢሊኖይ ወይም ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ግድ ይሆንባቸዋል። በቴክሳስና በካሊፎርኒያ የሚኖሩ በክልላቸው ከአንድ በላይ ትምህርት ቤት ያገኛሉ።

4ኛ. የብሔራዊ ቦርድ ፈተናዎች። እነዚህን ፈተናዎች የሚያዘጋጀው በ1951 የተመሠረተውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በሻርሎት፣ ኖርዝ ካሮላይና የሆነው የኦፕቶሜትሪ ፈታኞች ብሔራዊ ቦርድ ነው። ፈተናው ሦስት ክፍሎች አሉት። ክፍል አንድ በመሠረታዊ ሳይንስ ላይ ሲያተኩር ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ዓመት ይወሰዳል። ክፍል ሁለት የበሽተኛ ታሪክ አቅርቦ ሕመሙን እንዲለዩና ሕክምናውን እንዲወስኑ ይጠይቃል። በውስጡም የመድኃኒት ሕክምናን የሚመለከት፣ ውጤቱ ለብቻው የሚሰጥ ክፍል አለ። ሁለቱም በኮምፒውተር የሚሰጡ ናቸው። ክፍል ሦስት ግን ተፈታኙ ራሱ ሻርሎት ድረስ ሄዶ በፈታኞች ፊት የሚሠራው የተግባር ፈተና ነው። ከ2024 ጀምሮ የቀድሞው የተግባር ፈተና በአዲስ ተተክቷል። አዲሱ የእጅ ክህሎትን ብቻ ሳይሆን ተፈታኙ በሽተኛውን አነጋግሮ እንዴት እንደሚወስን ጭምር ይመዝናል። ለእያንዳንዱ ክፍል ክፍያው ለብቻ ነው፤ የጉዞና የማረፊያ ወጪም ይታሰብ።

5ኛ. የስቴቱ ሕግ ፈተና። ብዙ ስቴቶች የራሳቸውን የኦፕቶሜትሪ ሕግ ማወቁን በፈተና ያረጋግጣሉ። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ፈተናው ስለ መድኃኒት ማዘዝ ገደብ፣ ስለ በሽተኛ መዝገብ አያያዝ፣ ስለ ማስታወቂያና ስለ ሥነ ምግባር ይጠይቃል። አንዳንዶች «ይህ ቀላል ነው» ብለው ሳያጠኑ ገብተው ይወድቃሉ።

6ኛ. ማመልከቻው ራሱ። እዚህ ላይ ቦርዱ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ የሚላክ ትራንስክሪፕት፣ ከብሔራዊ ቦርዱ የሚላክ የፈተና ውጤት፣ የማመልከቻ ክፍያ፣ በብዙ ስቴቶችም የጣት አሻራና የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ ይጠይቃል። ቀደም ሲል በሌላ ስቴት ፈቃድ የነበረው ሰው ከዚያ ስቴት የመልካም አቋም ማረጋገጫ ያስልካል። አንዳንድ ስቴቶች የልብና የትንፋሽ ማስቀጠያ እርዳታ ሥልጠና የምስክር ወረቀት ይፈልጋሉ። አመልካቹ ተከሶ ወይም ተቀጥቶ የሚያውቅ ከሆነ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ማስፈር አለበት። ትንሽ ጥፋትን መደበቅ ከጥፋቱ የበለጠ ፈቃድ ሊያስከለክል ይችላል።

በጠቅላላው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማብቂያ እስከ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ ስምንት ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተጨማሪ ሥልጠና የሚወስዱ አሉ። ይህ ግን በልዩ ዘርፍ፣ ለምሳሌ በሕፃናት ዓይን ወይም በዓይን በሽታ ሕክምና ላይ ማተኮር ለሚፈልጉ እንጂ በአብዛኛው ግዴታ አይደለም።

ሂጃብ የምትለብስ እህት ለእነዚህ ፈተናዎች ስትመዘገብ የፈተና ጣቢያውን የልብስና የፍተሻ ደንብ አስቀድማ ታንብብ። በሃይማኖት ምክንያት የሚለበስ መሸፈኛ ለምርመራ ሊጠየቅ ስለሚችል በሴት ፈታሽ በተከለለ ቦታ እንዲሆንላት ከወዲሁ በጽሑፍ ብትጠይቅ በፈተናው ዕለት ከመጨናነቅ ትድናለች።

ፈቃድ ከተገኘ በኋላ

ፈቃድ አንዴ ተገኝቶ ለዘላለም የሚኖር ወረቀት አይደለም። በየጊዜው ይታደሳል፤ ለማሳደስም ተከታታይ ትምህርት መውሰድ ግዴታ ነው። ለምሳሌ ቨርጂኒያ በየዓመቱ 20 ሰዓት፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ 50 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃሉ። ሰዓቱን ያላሟላ ባለሙያ ሊቀጣ ወይም ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች ለማዘዝ ደግሞ ስቴቱ እስከፈቀደ ድረስ ከፌዴራሉ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ተጨማሪ ምዝገባ ያስፈልጋል።

ስቴት ከስቴት ይለያያል

በአንድ ስቴት የተሰጠ ፈቃድ ወንዝ አያሻግርም። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ለመሄድ ድልድይ መሻገር ይበቃል፤ በሜሪላንድ ፈቃድ ግን በቨርጂኒያ በሽተኛ ማየት አይቻልም። ስቴቶች ከሌላ ስቴት ለመጣ ባለሙያ የተለየ መንገድ አላቸው። ብዙውን ጊዜ ለተወሰኑ ዓመታት በሥራ ላይ መቆየቱንና ንጹሕ ታሪክ ያለው መሆኑን አይተው ፈቃድ ይሰጣሉ። የሚጠይቁት ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

የተፈቀደውም ሥራ ይለያያል። ኦክላሆማ በ1998 ኦፕቶሜትሪስቶች በሌዘር የሚሰጡ አንዳንድ ሕክምናዎችን እንዲሠሩ በሕግ ፈቅዳለች። ኬንታኪ በ2011፣ ቨርጂኒያ በ2022 ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። በቨርጂኒያ ግን ሥራው ለሁሉም ሳይሆን ከቦርዱ ተጨማሪ ማረጋገጫ ለያዙት ብቻ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ብሔራዊ ቦርዱ የሌዘርና የመርፌ ክህሎትን የሚመዝኑ ልዩ ፈተናዎች አሉት፤ የሚጠይቁትም የተወሰኑ ስቴቶች ናቸው። በመሆኑም ወጣቱ ገና ተማሪ እያለ በየትኛው ስቴት መሥራት እንደሚፈልግ አስቦ የዚያን ስቴት ቦርድ መመሪያ ማንበብ ይኖርበታል።

ከአገር ቤት ተምረው ለመጡ

በአገራችን የዓይን ጤና ችግር ከባድ ነው። በ2006 ውጤቱ የታወቀው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ሲሆን ትራኮማ ደግሞ 11.5 በመቶውን ይዟል። በመነጽር ሊስተካከል የሚችል የዕይታ ጉድለት እንኳ 7.8 በመቶውን መያዙ የኦፕቶሜትሪ ባለሙያ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይናገራል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ ባለሙያዎችን እያስተማሩ ያስመርቃሉ።

አንድ ወንድም ከጎንደር በኦፕቶሜትሪ ተመርቆ፣ ለዓመታት በሆስፒታል አገልግሎ በዲቪ ወይም በቤተሰብ ወደ አሜሪካ መጣ እንበል። ዲግሪው እውነተኛ ነው፣ ልምዱም ሰፊ ነው። ነገር ግን በዚህ ዲግሪ ብቻ የስቴት ፈቃድ ማግኘት አይችልም። ምክንያቱ ቀደም ብለን እንዳልነው ቦርዶቹ በአጠቃላይ በአሜሪካ እውቅና ከተሰጠው ትምህርት ቤት የተገኘ የዶክተርነት ዲግሪ ስለሚጠይቁ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ሙያቸውን ይተዋሉ። ሌሎች ደግሞ «ሰነድህን አስተካክለን ፈቃድ እናወጣልሃለን» የሚሉ ደላሎችን አምነው ገንዘባቸውን ያጣሉ። ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲህ ያለ አቋራጭ የለም። ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ ቦርድ ብቻ ነው።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። ከኢሚግሬሽን የሚገኘው ወርክ ፐርሚትና ከስቴቱ ቦርድ የሚገኘው የሙያ ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ሰው እንኳ ያለ ቦርዱ ፈቃድ ዓይን መርምሮ ልኬት ቢያዝ በሕግ ይጠየቃል።

እውነተኛው መንገድ ምን ይመስላል?

በመጀመሪያ የአገር ቤት ትራንስክሪፕትና የትምህርት ማስረጃ በታሸገ ፖስታ ወይም ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ በሚልክበት መንገድ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ይህ ከአሜሪካ ሆኖ ሲጠየቅ ብዙ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ጉዞ ያሰበ ሰው አገር ቤት ሳለ ቢያዘጋጀው ይመረጣል። ከዚያም ማስረጃውን በታወቀ የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ማስገምገም ይከተላል።

ቀጥሎ፣ አንዳንድ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በውጭ አገር በኦፕቶሜትሪ ለተመረቁ ያጠረ ፕሮግራም አላቸው። በቦስተን የሚገኘው የኒው ኢንግላንድ ኦፕቶሜትሪ ኮሌጅ ለዚህ ምሳሌ ነው። በእንዲህ ያለው ፕሮግራም የተቀበሉት ተማሪ አራቱን ዓመት እንዳለ ሳይደግም ዲግሪውን ያገኛል። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናም ይጠየቃል። ከምረቃው በኋላ ብሔራዊ ፈተናውና የስቴቱ ማመልከቻ እንደማንኛውም ተማሪ ይቀጥላሉ።

እስከዚያው ግን ከሙያው ሳይርቁ መሥራት ይቻላል። በዓይን ክሊኒኮች ውስጥ የዓይን ሐኪም ረዳትና ቴክኒሺያን ሆነው የሚሠሩ አሉ፤ ለእነዚህም ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ የብቃት ማረጋገጫ ፈተና አለ። ለኦፕቲሺያንም እንዲሁ የራሱ የማረጋገጫ ፈተና አለው። እነዚህ ሥራዎች ከሙሉው ፈቃድ ጋር የሚነጻጸሩ ባይሆኑም እንጀራ ያስገኛሉ፣ የአሜሪካን አሠራር ያስተምራሉ፣ በኋላ ለትምህርት ቤት ማመልከቻ የሚሆን የድጋፍ ደብዳቤም ያስገኛሉ።

ወጪውና የወለድ ጉዳይ

የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው። አብዛኛው ተማሪ በብድር ይማራል። ለዚህ ደረጃ የሚሰጠው የፌዴራል ብድር ደግሞ ወለድ አለበት። በዚህም ምክንያት ጉዳዩ በብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ የሕሊና ጥያቄ ያስነሳል። ብይኑን ለዓሊሞቻችን ትተን ከዚህ ዓምድ ልናክለው የምንችለው የሒሳቡን ጎን ነው።

በ2025 የወጣው ሕግ «ግራድ ፕላስ» የተባለው ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች እንዲቀር፣ እንደ ኦፕቶሜትሪ ላሉ የሙያ ዲግሪዎች የሚሰጠው የፌዴራል ብድርም በዓመት ከ50,000፣ በጠቅላላው ከ200,000 ዶላር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ስለዚህ ቤተሰብ ልጁ ኮሌጅ ሳይገባ ጀምሮ ማሰብ አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በኮሚኒቲ ኮሌጅ መማር፣ ለስቴቱ ነዋሪ አነስተኛ ክፍያ የሚጠይቁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን መመልከት፣ ትምህርት ቤቶቹ የሚሰጡትን ስኮላርሺፕ በጊዜ መጠየቅ ወጪውን ይቀንሳል። በየመስጂዱ ለሕንፃ የሚሰበሰበው ገንዘብ እንዳለ ሆኖ፣ ከወለድ ነፃ የሆነ የትምህርት ብድር የሚሰጥ የጋራ ሣጥን ስለማቋቋም ማኅበረሰቡ ቢወያይ ምን ይመስላችኋል? አንድ ተማሪ ተመርቆ ሲከፍል ገንዘቡ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ቋንቋችንን የሚናገር የዓይን ባለሙያም እናገኛለን።

ቤተሰብ ፈቃዱን እንዴት ያጣራ?

እያንዳንዱ ስቴት ፈቃድ ያላቸውን ባለሙያዎች ስም ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። የባለሙያውን ስም በስቴቱ የኦፕቶሜትሪ ቦርድ የፈቃድ መፈለጊያ ላይ ማስገባት ነው። ይህንን ከከፈሉት ልጆቻችን አንዱ በስልኩ በሁለት ደቂቃ ያደርገዋል፤ ክፍያም የለውም። ሲያዩ ሦስት ነገሮችን ልብ ይበሉ፦ ፈቃዱ በሥራ ላይ ያለ ነው ወይስ ጊዜው ያለፈ? ባለሙያው በመድኃኒት እንዲያክም ተፈቅዶለታል? ከቦርዱ የተወሰደ የቅጣት እርምጃ አለ?

ሌላም የማይታወቅ መብት አለ። ከ1978 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ መሠረት መርማሪው የመነጽር ልኬትዎን አውጥቶ እንደጨረሰ ወረቀቱን ሳይጠየቅና ተጨማሪ ክፍያ ሳያስከፍል ሊሰጥዎ ይገባል። መነጽሩን ከእርሱ ሱቅ ካልገዛህ አልሰጥህም ማለት አይችልም። በ2003 የወጣ ሕግ ደግሞ ለኮንታክት ሌንስ ተመሳሳይ መብት ሰጥቷል። ወረቀቱን ይዘው ዋጋው ከሚስማማዎ ቦታ መግዛት ይችላሉ። ይህ መብት ከተነፈገዎ ወይም ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ካጋጠመዎ ለስቴቱ ቦርድ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል።

መቼ እንመርመር?

የፈቃዱ ጥቅም የሚታየው ምርመራው በጊዜ ሲደረግ ነው።

• ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በሽታው እንደታወቀ፣ ከዚያም በአብዛኛው በየዓመቱ የዓይኑ ብሌን በጠብታ ተከፍቶ መታየት ይኖርበታል። የስኳር ሕመም ኖሮባት ያረገዘች እናት ደግሞ በእርግዝናዋ መጀመሪያ ላይ ትመርመር።

• ግላኮማ በመጀመሪያው ደረጃ ሕመምም ምልክትም የለውም። የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ስለዚህ 40 ዓመት የሞላው ሁሉ፣ በተለይ በቤተሰቡ ግላኮማ ያለበት ሰው «ደህና አያለሁ» ብሎ መዘናጋት የለበትም።

• ልጆች ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ይመርመሩ። አንዱ ዓይን ደክሞ ሳይታወቅ ከቀረ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ማስተካከሉ ይከብዳል። በቁርኣን ትምህርት ቤት ፊደሉን ከዓይኑ አጠገብ አድርጎ የሚያነብ ልጅ ሰነፍ ሳይሆን መነጽር የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላል።

• ድንገት ዕይታ ከጠፋ፣ የመብረቅ ብልጭታ ወይም መጋረጃ የመሰለ ጥላ ከታየ፣ ዓይን ቀልቶ ክፉኛ ካመመ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ። ኬሚካል ዓይን ውስጥ ከገባ በመጀመሪያ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። በረመዷን ቢሆንም እንዲህ ያለው ጉዳይ እስከ ኢፍጣር አይቆይም። የተለመደውን ዓመታዊ ምርመራ ግን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ማድረግ ይቻላል።

ስለ ምግብም አንድ ቃል እንጨምር። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ እንቁላልና ጉበት ለዓይን የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ፤ በተለይ ለሕፃናት እጅግ ይጠቅማሉ። ሆኖም ካሮት በብዛት መብላት የመነጽር ልኬትን አያስቀንስም፣ ግላኮማንም አያድንም። ለዚያ የሚያስፈልገው የተማረ፣ የተፈተነና ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንድታደርጉ እንጠይቃለን። እናታችሁን ወይም አባታችሁን ለመጨረሻ ጊዜ ዓይናቸውን ያየላቸው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቋቸው። ስሙን በቦርዱ መዝገብ ፈልጉ። መነጽር ብቻ ተለክቶላቸው ከሆነ የዓይናቸው የውስጥ ክፍል የሚታይበትን ቀጠሮ ያዙላቸው። አላህ ዓይናችንንም ልባችንንም ያብራልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።